ርብቃ የሸወደችው ምላስ

የአደን ሥጋን ከበረት ሥጋ ስቀምሰው እለያለሁ የሚል ሰው ቢኖር፣ ጉዳዩን መጀመሪያ ከይስሐቅ ጋር ይጨርስ። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 25 ይስሐቅ ከሁለቱ ልጆቹ ዔሳውን አብልጦ የወደደበትን ምክንያት ሳይሸፋፍን ይነግረናል፤ ልጁ አድኖ የሚያመጣለትን ይበላ ስለነበር ነው። ምዕራፍ 27 ላይ ሽማግሌው አርጅቶ፣ ዓይኑ ፈዞ፣ ከመሞቱ በፊት አንድ ጊዜ ያንኑ ሥጋ በልቶ ሊመርቅ ይነሳል። ዔሳው ቀስቱን ይዞ ዱር ወረደ። ርብቃ ደግሞ ከደጅ መንጋ ሁለት የፍየል ጠቦቶች አስመጣች፣ ባሏ እንደሚወደው አድርጋ ሠራች፣ ቆዳቸውን በታናሹ ልጇ በያዕቆብ እጅና አንገት ላይ ጠቅልላ ዔሳው መስሎ እንዲገባ ላከችው። ይስሐቅ ድምፁን ተጠራጠረ፣ እጁን ዳሰሰ፣ ልብሱን አሸተተ። ወጡን ግን አልጠረጠረም። በላ፣ ወይን ጠጣ፣ መረቀ።

ዕድሜ ልኩን የአደን ሥጋ ሲበላ የኖረ ሰው ነው እንግዲህ! የእርባታ ሥጋን የዱር ነው ብሎ ማቅረብ ከዚህ የሚቀድም ታሪክ ካለው ለዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ አልደረሰውም።

ዔሳው ራሱ ከዚያ ቀደም ብሎ ብኩርናውን በምን እንደሸጠው ይታወሳል። በምስር ወጥ። ከዱር ደክሞ ሲመለስ እጁ ላይ ሚዳቋ ቢኖር ኖሮ የታናሽ ወንድሙን ድስት ባልለመነ ነበር። አዳኝ ቤት ሁሌ ሥጋ አለ የሚሉት አድነው የማያውቁ ሰዎች ናቸው።

የይስሐቅን ምላስ ነፃ የሚያወጣ ማስረጃ ለመገኘት እስከ 1960 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) መጠበቅ ነበረበት። በዚያ ዓመት ሆርንስታይንና ክሮው የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የበሬና የአሳማ ሥጋ ወሰዱ። ስቡን ለይተው ከቀዩ ሥጋ ያወጡትን ጭማቂ ሲያሞቁ የሁለቱ መዓዛ ተቀራራቢ ሆኖ አገኙት። ይሄ በሬ ነው፣ ያ አሳማ ነው የሚያሰኘው ልዩነት የወጣው ስቡን ለብቻው ሲያሞቁ ነው። ቀይ ሥጋ በደፈናው ሥጋ ሥጋ ይላል፤ የማን እንደሆነ የሚናገረው በአብዛኛው ስቡ ነው። ርብቃ ጮማ በግ ሳይሆን ገና ስብ ያልቋጠረ የፍየል ጠቦት መምረጧን ልብ ይሏል። ቅመሙ ሲጨመርበት ሽማግሌው ምን ይዞ ይለይ?

ይህ ማለት ግን ልዩነት የለም ማለት አይደለም። የዱር እንስሳ ጡንቻ ሥራ ይበዛበታል፤ ኦክስጅን የሚያከማቸው ማዮግሎቢን የሚባለው ፕሮቲንም አብሮ ይበዛል፤ ሥጋው ይጠቁራል፣ የብረት መጠኑም ከፍ ይላል። መቶ ግራም ጥሬ የአጋዘን ሥጋ ውስጥ የሚገኘው ስብ ሁለት ሦስት ግራም ቢሆን ነው። ያቺው ትንሽ ስብ ደግሞ ከበሬ ስብ ቶሎ ስለምትረጋ ላንቃ ላይ እንደ ሻማ ትለጠፋለች። ስለዚህ ልምድ ያላቸው አዳኞች ስቡንም ነጩን ሽፋንም ገፈው ይጥላሉ። አጋዘን እንደ በሬ ሥጋ በራሱ ስብ ይጠበሳል ብሎ ደረቅ ምጣድ ላይ የጣለ ሰው ከደቂቃዎች በኋላ የሚያገኘው ጫማ ነው።

ሌላው ጉዳይ አሟሟቱ ነው። እንስሳ ሳይጨነቅ ከሞተ በጡንቻው የተከማቸው ግላይኮጅን ወደ ላክቲክ አሲድ ይለወጥና የሥጋው ፒኤች ወደ 5.5 ገደማ ይወርዳል፤ ሥጋውም ይለሰልሳል፣ ይቆያል። ቆስሎ ሲሮጥ ውሎ የሞተ ግን ስንቁን በሩጫ ጨርሶታል፤ ፒኤቹ ከ6 በላይ ይቀራል፣ ሥጋው ጠቁሮ ይለጣጠፋል፣ ቶሎ ይበላሻል። ብዙ ሰው «ዱር ዱር ይላል» የሚለው ጣዕም አንዳንዴ የዱሩ ሳይሆን የመጥፎ ተኳሹ ነው። ይኸው ሕግ ለከብትም ይሠራል። ከሩቅ ገበያ አይሱዙ ላይ ቆሞ፣ ውሃ ሳይቀምስ፣ በዱላ እየተነረተ ያደረ ሰንጋ ልኳንዳ ቤት ሲሰቀል እንደዚያው ጠቁሮ ሊገኝ ይችላል። ደንበኛው የሚወቅሰው ግን ሥጋ ቆራጩን ነው።

እንዲህ ከሆነ፣ የዱር ሥጋ ከሌላው ሥጋ የተለየ ክብር ወይም የተለየ ነውር ያገኘው ከየት ነው? መልሱ ድስት ውስጥ የለም። እንግሊዝ አገር በ1671 የወጣው ሕግ በዓመት 100 ፓውንድ ገቢ የሚያስገኝ ርስት የሌለው ሰው ጥንቸልና ቆቅ እንዳያድን ከለከለ። ከ1723 ጀምሮ ፊቱን በጥላሸት አጥቁሮ የጌታ አጋዘን የሚሰርቅ በሞት ይቀጣ ነበር። በ1755 ደግሞ የአደን ሥጋ መሸጥ ለማንም ተከለከለ። ሕጉ ለንደን ነጋዴዎች ጋ ሲደርስ ግን ጆሮ አጣ፤ የተሰረቀው ወፍ በጓሮ በር ገብቶ ጌቶች ገበታ ላይ ይቀርብ ነበር። ሕጉ እስከተሻረበት እስከ 1831 ድረስ የአደን ሥጋ ማብላት ማለት «መሬት አለኝ» ወይም «መሬት ያለው ወዳጅ አለኝ» ማለት ነበር። ጣዕሙ ላይ ማዕረግ ተጨመረበት።

እኛ አገር ነገሩ ተገልብጦ ተቀመጠ። ዝሆን፣ አንበሳ፣ ጎሽ የጣለ ፎከረ፣ ቀረርቶ ወጣለት፣ አናቱ ላይ ቅቤ ተቀባ። ሥጋውን የጠየቀ ግን አልነበረም፤ ክብሩ ግዳዩ ነው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ዋላንና ሚዳቋን ይበላሉ ከሚባሉት ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል፤ ስለዚህ ለክርስቲያኑ ድኩላ ወይም ቆቅ ተባርኮ እስከታረደ ነውር የለበትም። ነውሩ የመጣው ከዝርዝሩ ውጭ ያለውን ለረሃቡ ብሎ አድኖ በሚበላው ላይ ነው። ጣና ዳር በደንገል ታንኳ ጉማሬ ያድኑ የነበሩት ወይጦዎች ሃይማኖታቸው እስልምና ሆኖ እንኳ ጎረቤቶቻቸው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ገበታ አይጋሯቸውም ነበር። ከፋ ውስጥ መንጃዎች ከርከሮና ጉሬዛ ይበላሉ ተብለው ቤት እንዳይገቡ፣ በአንድ ዋንጫ እንዳይጠጡ ተደርገው ኖረዋል፤ ያ መገፋት ዛሬም ጨርሶ አልቀረም። ለንደን ላይ ያስከበረው፣ ቦንጋ ላይ አስናቀ።

የእኛ አገር ሕግም ቢሆን ከጥንት ጀምሮ ዓይኑ ጥርስና ቀንድ ላይ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1909 ያወጡት የአደን ደንብ ዋና ጉዳዩ ዝሆን ነበር፤ ዝሆን ማለት ደግሞ የዝሆን ጥርስ ማለት ነው። በ2007 የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ከለከለ። ፈቃድ ከፍሎ አርሲና ባሌ ተራሮች ላይ የሚወጣው የውጭ አገር አዳኝ የደጋ አጋዘንን ቀንድ አሽጎ ይሄዳል እንጂ ጥብሱ አያሳስበውም።

አሜሪካኖች ደግሞ በሌላ ጥግ ሄዱ። በ19ኛው መቶ ዘመን ባለሙያ አዳኞች ለከተማ ገበያ እያሉ ዱሩን ባዶ አደረጉት። ሰማይ ያጠቁር የነበረው መንገደኛ እርግብ የመጨረሻው ዘሩ በ1914 ሲንሲናቲ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ሞተ፤ የአጋዘኑም ቁጥር ወደ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ወረደ። በ1900 የወጣው የሌሲ ሕግና የየግዛቱ ክልከላዎች የአደን ሥጋን ከገበያ አስወጡት። አጋዘኑ ዛሬ ወደ 30 ሚሊዮን ገደማ ደርሶ የሰው አትክልት ቦታ ይግጣል፣ መኪና ያጋጫል፤ ሥጋው ግን አይሸጥም። አዳኝ ራሱ ይብላው፣ ጎረቤቱን ያብላ፣ ለድሆች ማዕድ ይስጥ።

ታዲያ ሬስቶራንት ውስጥ «የአጋዘን ሥጋ» ተብሎ የሚቀርበው የማን ነው? ብዙውን ጊዜ የኒውዚላንድ ነው፤ ያውም የበረት። ኒውዚላንድ ከሌሊት ወፍ በስተቀር አገር በቀል የምድር አጥቢ አልነበራትም። እንግሊዞች ለአደን ደስታ ብለው ከ1851 ጀምሮ አጋዘን ለቀቁባት፤ እሱም ጠላት አጥቶ ተራባና ተራራውን ላጨው። መንግሥት መጀመሪያ ተኳሾች ቀጠረ፤ በ1960ዎቹ ሄሊኮፕተር መጣ። ሥጋው ጀርመን አገር ተፈላጊ መሆኑ ሲታወቅ ሰዎቹ መተኮሱን ትተው ከሚበር ሄሊኮፕተር ላይ አጋዘኑ ጀርባ ላይ መዝለል፣ ቀጥሎም መረብ መተኮስ ጀመሩ። በሕይወት የያዙትንም ረጅም አጥር ውስጥ አስገቡት። ዛሬ አገሪቱ በእርባታ የአጋዘን ሥጋ ንግድ ዓለምን ትመራለች። ጀርመናዊው ቅጠል በሚረግፍበት ወራት «የአደን ወቅት ገባ» ብሎ ከቀይ ጎመን ጋር የሚበላው ሥጋ፣ ሣር እየጋጠ አድጎ የመርከብ ሰዓት ተጠብቆ የታረደ የእርባታ እንስሳ ሊሆን ይችላል። ከርብቃ የሚለየው ማሸጊያው ላይ የአገሩ ስም መጻፉ ነው።

«የዱሩ ቢያንስ ንጹሕ ነው» የሚለውም ክርክር እንደሚወራው አይደለም። በ2008 ኖርዝ ዳኮታ ውስጥ ለድሆች በተለገሰ የአጋዘን ሥጋ ውስጥ የጥይት እርሳስ ፍርፋሪ ተገኝቶ ሥጋው እንዲጣል ተደርጓል። ባቫሪያ ጫካ ያለው ከርከሮ ከቼርኖቤል አደጋ አሥርት ዓመታት በኋላም ከተፈቀደው በላይ ጨረር የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ መሬት ውስጥ የሚበቅል እንጉዳይ እየቆፈረ ስለሚበላ ነው። በሌላ በኩል ዶሮን በስድስት ሳምንት ለቢላ የሚያደርሰውን እርባታ አይቶ ጫካውን የናፈቀን ሰው ሞኝ ነው ማለትም አይቻልም።

አዲስ አበባ ላይ ይኼ ጠብ ስሙን ቀይሮ በየበዓሉ ዋዜማ ይነሳል፤ ሐበሻ ዶሮ ወይስ ፈረንጅ ዶሮ። ሐበሻዋ ጥሬዋን ለቅማ፣ ከጭልፊት ሸሽታ፣ ዛፍ ላይ አድራ ያደገች ናት፤ እግሯ ቀጭን፣ ሥጋዋ ጠንካራ። ዶሮ ወጥ የተሠራው ለእሷ ነው፤ ሽንኩርቱ ቁልል ተደርጎ፣ ድስቱ ለሰዓታት ሲንተከተክ አሥራ ሁለቱ ብልት ሳይፈርስ ይወጣል። ፈረንጇን እዚያ ውስጥ የከተተ ሰው ጭልፋው ላይ አጥንት ብቻ ያገኛል። ገበያው ይህን ስለሚያውቅ ቀይ ላባ ያላትን የእርባታ ዶሮ «የገጠር ናት» ማለት ተለምዷል፤ ገዢዋም እግሯን አንስታ፣ ደረቷን ጨብጣ፣ ክንፏን ገልጣ ትከራከራለች። በሬውስ ቢሆን? ሐረርጌ ውስጥ ገበሬው ሲያርስበት የኖረውን በሬ አስሮ፣ የማሽላ ቅጠል በእጁ እያጎረሰ ያደልበዋል። ይኼ የዱርም የፋብሪካም አይደለም፤ በፈረንጆቹ ሁለት ሳጥኖች ውስጥ አይገባም።

ቨርጂኒያ የሚኖረው ሐበሻ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ፈረንጅ የሥራ ባልደረባው አድኖ ጥቅል አጋዘን ሲያመጣለት መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ማን ባረከው?» የሚል ነው። ይህን ያለፈው ነጩን ሽፋን በቢላ ጫፍ እየፈለቀቀ፣ ሥጋውን ቀጭን ቀጭን ጥብስ አድርጎ፣ የጎደለውን ስብ በንጥር ቅቤ ይሞላል፤ ቃሪያና የጥብስ ቅጠል ይጨምርበታል፤ በቅቤ ከታሸ በኋላ የበሬ ነው ቢባል እንግዳው አይከራከርም። ችግሩ ካላንደሩ ነው። የጠመንጃ አደን እዚያ የሚከፈተው በኖቬምበር አጋማሽ ሲሆን የነቢያት ጾም የሚገባው ከዚያ ከሳምንት በኋላ ኅዳር 15 ነው። ጾሙ በገና ሲፈታ ደግሞ በምሥራቅ በኩል ባሉ ብዙ ወረዳዎች የጠመንጃ አደኑ በጃንዋሪ የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ተዘግቶ ያገኘዋል፤ ፍሪዘር ያለው ያሳድራል፣ የሌለው ምስሩን ይሠራል።