ወደ ላይ

አዲስ አበባ ለትምህርት ስመጣ "ከየት ነህ?" ላለኝ ሁሉ "ከአርባ ምንጭ" ነበር የምለው። ውሸት አይደለም። አርባ ምንጭ ሲባል ሰው ትዝ የሚለው ዓሣ፣ ሙዝና አዞ ስለሆነ ማንም ከዚያ በላይ አይጠይቅም። አባቴና እናቴ ከዶርዜ መሆናቸውን ግን አልናገርም ነበር። ዶርማችን ውስጥ "ዶርዜ" የሚለውን ቃል እንደ ስድብ የሚጠቀም ልጅ ነበር፤ ጸጉሩን ያላበጠረ፣ ልብሱን ያልተኮሰ ሁሉ ለእሱ "ዶርዜ" ነው። ሌሎቹ ሲስቁ እኔም አብሬ ስቄአለሁ። ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ የተከለከለው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ የሸማኔ ልጅ ራሱ በሸማኔ ሲሳቅ አብሮ ይስቃል ብሎ ያሰበ ግን ያለ አይመስለኝም።

ያደግኩት ሲቀላ ነው። ሲቀላ የአርባ ምንጭ የታችኛው ግማሽ ናት። ላይኛው ሴቻ ይባላል፤ ቢሮው እዚያ፣ ሙቀቱና ጩኸቱ እኛ ጋ ነው። ከተማዋ ራሷ ገና ወጣት ናት፤ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ከጨንቻ ብርድ ወደዚህ የወረደው በ1950ዎቹ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አላት፣ በአካባቢዋ ቆላ ጥጥ ይበቅላል፣ ከአናቷ ላይ ደግሞ የሸማኔዎቹ ተራሮች ቆመዋል።

እኛ ቤት ውስጥ ጉድጓድ ነበር። አባቴ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ውስጥ ሰዶ መርገጫውን ይረግጣል፣ መወርወሪያው ከግራ ቀኝ ይመላለሳል። ድሩን ከሱቅ ይገዛል፤ የፋብሪካ ክር ነው። ማጉን እናቴ በእንዝርት ትፈትላለች። ስለዚህ አንድ ጋቢ ውስጥ ፋብሪካና እንዝርት ተጋብተው ይኖራሉ። ጓደኞቼ ቤት ሲመጡ መጀመሪያ የማደርገው ነገር የዚያን ክፍል መጋረጃ መዝጋት ነበር።

ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ፕሮግራመሮች ስለ ሸማ ዕቃ ማውራት ይወዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1804 ፈረንሳዊው ዣካርድ በተበሳ ካርድ ጥለት የሚሠራ ማሽን ፈጠረ፤ ኮምፒውተርም ካርዱን ከዚያ ወረሰ። ይህንን ታሪክ የዶርዜ ሸማኔ ፎቶ ለጥፌበት አንድ ስብሰባ ላይ አቀረብኩ። ተጨበጨበልኝ። አባቴ ሸማኔ መሆኑን ግን አልተናገርኩም። ፎቶውንም ከኢንተርኔት ነው ያገኘሁት፤ የአባቴ ፎቶ ስልኬ ውስጥ አልነበረም።

ባለፈው ነሐሴ መሥሪያ ቤቴ ለአንድ ሳምንት ሥልጠና ማንችስተር ላከኝ። የሠለጠንንበት ሕንፃ የድሮ የጥጥ መጋዘን ነው፤ ቀይ ጡብ፣ ወፍራም የብረት ምሰሶ፣ በመስኮቱ በኩል ቦይ ይታያል። ከተማዋ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዓለም የጥጥ መዲና ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1830 ከሊቨርፑል ጋር በባቡር ተገናኘች። እ.ኤ.አ. በ1948 ደግሞ ፕሮግራሙን በራሱ ማህደረ ትውስታ ይዞ የሚሠራ የመጀመሪያው ኤሌክትሮኒክ ኮምፒውተር እዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተሠራ። የአባቴና የእኔ እንጀራ በአንድ ከተማ።

እሑድ ዕለት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከከተማው ወጣ ብላ ወደምትገኘው ስታያል መንደር ወሰደኝ። ጫካ ነው፣ ወንዝ አለው፣ ጸጥ ያለ ነው። ወንዙ ዳር ኳሪ ባንክ የሚባል እ.ኤ.አ. በ1784 የተሠራ የጥጥ ፋብሪካ ቆሟል፤ ዛሬ ሙዚየም ሆኖ በቲኬት ይጎበኛል። ለጎብኚ ማሽኖቹን ሲያስነሷቸው ጆሮ አይችለውም። ሁሉም ቪዲዮ ይቀርጻል፤ እኔም ቀረጽኩ።

ከዚያ ወደ ልጆቹ ቤት ወሰዱን። ፋብሪካው ድሃ ልጆችን እየሰበሰበ፣ በውል አስሮ፣ ለምግብና ለመኝታ ያሠራ ነበር። ዘጠኝ ዓመት የሆነው ይገባል። በቀን 12 ሰዓት ያህል ይሠራሉ። አስጎብኚዋ የአንዱን ታሪክ ነገረችን፤ ጆሴፍ ሴፍተን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1806፣ በ17 ዓመቱ፣ ከአንድ ጓደኛው ጋር ጠፍቶ ለንደን ሄደ። ለምን? እናቱን ለማየት። ዳኛ ፊት ቀርቦ የተናገረው ስለተጻፈ ከ200 ዓመት በኋላም ስሙንና የሚበላውን ገንፎ ሳይቀር እናውቃለን።

ትንንሾቹን አልጋዎች እያየሁ ሳለ ነው አንድ ነገር ሆዴን የቆረጠኝ። አባቴም ልጅ ሆኖ ነው ለሽመና ወደ አዲስ አበባ የተወሰደው። ይህን ያህል አውቃለሁ። በስንት ዓመቱ? ማን ወሰደው? ምን ይበላ ነበር? አላውቅም። የእንግሊዙን ልጅ ምስክርነት ሰምቼ የአባቴን አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

ለመስቀል አገር ቤት ገባሁ። ጋሞ ውስጥ መስቀል ማለት የተበተነ ሁሉ የሚሰበሰብበት ነው፤ ሽሮ ሜዳ ያለ ሸማኔ ሳይቀር ዕቃውን ሰቅሎ ይመጣል። በማግስቱ አባቴን ይዤ ከሲቀላ ወደ ላይ ወጣን። መኪናው ሽቅብ በተጠማዘዘ ቁጥር ሙቀቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ሙዙ ያልቅና እንሰትና ቀርከሃ ይጀምራል። ዘወር ብለህ ስታይ ታች አባያ ቀላ ብሎ፣ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ፣ መካከላቸው የእግዜር ድልድይ ተጋድሞ ይታያል። መታጠፊያዎቹ ላይ ሕፃናት ለሳንቲም ይጨፍራሉ። አባቴ ፊቱን አዞረ።

ዶርዜ ስንደርስ ቱሪስቶች ወደሚጎበኙት ግቢ ገባን። እንደ ዝሆን ግንባር ወደፊት የወጣው የቀርከሃ ቤት አለ፤ ምስጥ ከሥሩ በበላው ቁጥር እያጠረ የሚሄደው። አንድ ወጣት ለነጮቹ እየሸመነ ያሳያል። አባቴ ጥቂት አየውና "ድሩ ላልቷል" አለኝ በቀስታ። ቅርብ ለቅርብ ተቀምጠን ቆጮ በዳጣ አቀረቡልን። ስለ ኳሪ ባንክ ነገርኩት። የልጆቹን አልጋ ለማየት ሰው ገንዘብ እንደሚከፍል ስነግረው መብላቱን አቆመ።

"ስንት ያስከፍላሉ?"

ነገርኩት።

"ለልጆቹ ይደርሳቸዋል?"

"አባዬ፣ ልጆቹማ ከሞቱ ቆዩ።"

"እህ" አለ። ያን ጊዜ ነው የጠየቅኩት። "አንተስ ስንት ዓመትህ ነበር?"

"ዘጠኝ፣ አሥር ቢሆን ነው። ማን ቆጠረው? አብዮቱ የፈነዳበት ዓመት ነው። የወሰደኝ ሰውዬ ለአባቴ 'ትምህርት ቤት አስገባዋለሁ' ብሎት ነበር።"

"አስገባህ?"

ሳቀ። "ጉድጓድ አስገባኝ።"

መጀመሪያ ሥራው ቀሰም ላይ ማግ መጠቅለል ነበር። እግሩ መርገጫው ላይ ሲደርስለት ሽመና ጀመረ። ሌሊት ሸማው ዕቃ ሥር ይተኛል። ይህን ሁሉ ሲነግረኝ የሰው ታሪክ የሚያወራ ነበር የሚመስለው።

"ጠፍተህ አታውቅም?"

"አንድ ቀን ወጣሁ። አገራችን በየት በኩል እንደሆነ አላውቅም። ሽሮ ሜዳ በላይ እንጦጦ አለ፤ ተራራ ነው። ብርዱም የእኛ ብርድ ነው። ቤታችን ተራራ ላይ ስለሆነ በዚያ በኩል ይሆናል ብዬ ወደ ላይ ወጣሁ። ሲመሽ ጅብ ጮኸ፤ ተመለስኩ።"

እንጦጦ በሰሜን ነው። ዶርዜ በደቡብ፣ 400 ኪሎ ሜትር አልፎ። ባለፈው ዓመት ከጓደኞቼ ጋር እንጦጦ ፓርክ ሄጄ ፎቶ ተነስቻለሁ። ምን እንደምለው ጠፋኝና ዳጣውን ወደ እሱ አስጠጋሁለት።

ማንችስተር አካባቢ ያሉት የእጅ ሸማኔዎችም እንደኛ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ በብሪታንያ የጥጥ የእጅ ሸማኔዎች ቁጥር ከ200 ሺህ በላይ ነበር፤ የሞተር ማሽኑ መጥቶ በ30 ዓመት ውስጥ አብዛኞቹ ጠፉ። የእኛዎቹ ላይ ደግሞ ጥለቱ የታተመበት የቻይና ጨርቅ መጥቷል፤ ከሩቅ ሲያዩት ጥበብ ይመስላል፣ ዋጋው ግን ግማሹም አይደርስ። ልዩነቱ እነሱ ነገሩ ካለቀ በኋላ ሙዚየም አድርገው በጸጥታ ያዩታል። የእኛ አላለቀም። ሲቀላ ፋብሪካው ከታች፣ ሸማኔው ከላይ፣ ዛሬም ሁለቱም አሉ፤ ከሰፈር ልጅ የሚወስድ ሰውም አልጠፋም። ስለዚህ "ቅርሳችን" እያልኩ ሳጨበጭብ እጄን የሚይዘኝ ነገር አለ። አባቴን ሽመና ይቅር ወይ ብትሉት አይልም፤ ዋጋ ያውጣ ነው የሚለው። የልጅ ልጄ ጉድጓድ ይግባ ወይ ብትሉት ደግሞ ይቆጣል። ሁለቱም እውነት ነው።

ማታ ሲቀላ ስንመለስ የነገረኝን ልጽፈው እንደምፈልግ ነገርኩት። ጋቢውን እያወለቀ ትንሽ አሰበ።

"ጻፍ። ሰውዬውን ግን ክፉ ብቻ አታድርገው።"

"እንዴት?"

"እሱም በልጅነቱ ነው የተወሰደው። በእኔ ዕድሜ። እኔን አንተ ትጽፈኛለህ፤ እሱ ልጅ የለውም።"

ከዚያ መብራቱን አብርቶ ወደ ጉድጓዱ ሄደ። የመስቀል ሰሞን አይሠራም፤ አቧራውን ሊጠርግ ነው። መጋረጃውን ገልጬ በሩ ላይ ቆሜ አየሁት፤ ፎቶም አነሳሁት።