በሁለት መስተዋት መካከል

ሰው በየቀኑ የሚያየውን ነገር ሁሉ የሚያውቀው ይመስለዋል። እኛም ስለ መስኮት የምናውቅ ይመስለን ነበር። መስኮት ማለት ብርሃን የሚያስገባ፥ ነፋስና ዝናም የሚከለክል፥ ሲቆሽሽ የሚወለወል፥ ሲሰበርም የሚለወጥ ነው ከማለት አልፈን የመረመርነው ነገር አልነበረም። ይህ አለማወቃችን በራሳችን ላይ ብቻ ጉዳት አምጥቶ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍነውም ነበር፤ ነገር ግን ጉዳቱ የደረሰው በሌላ ሰው ላይ ስለ ሆነ፥ ይልቁንም ያ ሰው ራሱን ለመከላከል ሥልጣን ያልነበረው በመሆኑ፥ ነገሩን ከነምክንያቱና ከነመድኃኒቱ ለአንባብያን ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታየን።

በ2014 ዓ.ም. የምንሠራበት መሥሪያ ቤት በአዲስ አበባ ከተማ ወደ ተሠራ አንድ አዲስ ሕንፃ ተዛወረ። ለእኛ የተሰጠን ክፍል ወደ ምዕራብ የሚመለከትና በበረንዳ ላይ የሚወጣ ሰፊ መስኮት ያለው ነበር። መስኮቱም በአሉሚኒየም መቃን የተያዘ፥ ባለ ሁለት መስተዋት ስለ ነበረ፥ ከመንገዱ የሚመጣውን የመኪና ጩኸት ቀንሶ ክፍሉን የንባብ ቤት አስመስሎት ነበር። እኛም በዚህ ደስ ብሎን ተቀመጥን። በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ገብቶ ሌሊቱ መቀዝቀዝ ሲጀምር ግን፥ ጧት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ክፍላችን ስንገባ መስኮቱ እፍ እንደ ተባለበት መስተዋት ደብዝዞ እናገኘው ጀመር። 5 ሰዓት ገደማ ሲሆን ደግሞ ያ ሁሉ ጉም ጠፍቶ መስተዋቱ ይጠራል።

ክፍላችንን የሚያጸዱት በዕድሜ ከእኛ የሚበልጡ አንዲት እናት ነበሩ። በመጀመሪያው ሳምንት «ይህ መስኮት ለምን አይወለወልም?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ «የኔ ጌታ፥ በዚህም በኩል በበረንዳውም በኩል ወልውዬዋለሁ፤ ጉሙ ግን በእጄ አልያዝ አለኝ። እስቲ እርስዎም በጣትዎ ይዳብሱት» አሉን። እኛ ግን ጣታችንን ለማንሣት ጊዜ አላገኘንም። ይልቁንም እንደ ዳኛ በልባችን ማስረጃ መደርደር ጀመርን። ጧት ደብዝዞ የሚታይ መስኮት 5 ሰዓት ላይ ጠርቶ ከተገኘ፥ እኚህ ሴት የሚወለውሉት እኛ ለስብሰባ ስንወጣ ጠብቀው መሆን አለበት፤ እንዲህም ከሆነ በሰዓታቸው አይገቡም ማለት ነው አልን። ሐሳቡ እርስ በርሱ የተያያዘ ስለ ነበረ እውነት መሰለን። ለሚመለከተው ክፍል ደብዳቤ ጻፍን፤ በደብዳቤውም ምክንያት ለእኚህ እናት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው፤ የ3 ቀንም ደመወዝ ተቆረጠባቸው። እርሳቸውም ምንም ሳይናገሩ ፈርመው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በማግሥቱ ጧት መስኮቱ እንደ ወትሮው ደብዝዞ ነበር።

በጥር ወር የበራችንን ቁልፍ ሊጠግን የመጣ አንድ የአሉሚኒየም ባለሙያ መስኮቱን አይቶ ቆመ። አስቀድሞ የውስጡን ፊት በጣቱ ዳበሰ፤ ጣቱ ደረቅ ሆኖ ተመለሰ። ወደ በረንዳው ወጥቶ የውጭውንም ዳበሰ፤ ያም ደረቅ ነበር። «ይህ እድፍ አይደለም፤ ጤዛ ነው። ያለውም በሁለቱ መስተዋት መካከል ስለ ሆነ ማንም ሊወለውለው አይችልም» አለን። ምርመራው በሙሉ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። እኚያ እናት ከሁለት ወር በፊት አድርጉ ያሉንም ይህንኑ ነበር።

ነገሩን ለመረዳት ከወጥ ቤት መነሣት ይበቃል። ተከድኖ የሚንተከተክ ድስት ክዳኑ ቢነሣ፥ ከክዳኑ ሥር ውሃ ይንጠባጠባል። ሞቃት አየር ብዙ ተን ሊሸከም ይችላል፤ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ግን ሸክሙን መያዝ ስለሚያቅተው ያራግፈዋል። በሣር ላይም ሆነ በመስተዋት ላይ ጤዛ የምንለው ይህንን ነው።

ባለ ሁለት መስተዋት መስኮት ብርድ ከሚበዛበት አገር የመጣ ነው። በአሜሪካ፥ በኒውዮርክ፥ ቶማስ ስቴትሰን የተባለ ሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1865 ዓ.ም. ሁለት መስተዋቶችን ዳር ለዳር አሽጎ በመካከላቸው አየር ለመያዝ ላቀረበው ሐሳብ የባለቤትነት መብት ተሰጥቶታል። በአውሮፓም በ1973 ዓ.ም. ነዳጅ ከተወደደ በኋላ ቤት የማሞቅ ወጪ ስለ ከበደ፥ ይህ መስኮት እየተስፋፋ ሄደ። የሚሠራበት መንገድ ለመረዳት አያስቸግርም። መስተዋት ለብቻው ሲሆን ሙቀትን በቀላሉ ያሳልፋል፤ በሁለት መስተዋት መካከል የታሰረ ደረቅ አየር ግን ሙቀትን ያዘገያል። በመካከላቸው ያለው ርቀት ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 16 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በአየር ፈንታ አርጎን የሚባል ጋዝ የሚሞላበትም ጊዜ አለ። ሁለቱን መስተዋት አራርቆ የሚይዘው በዳራቸው የሚዞር፥ ውስጡ ክፍት የሆነ ቀጭን ዘንግ ነው። በዘንጉ ውስጥ እርጥበት የሚመጥ ደቃቅ ፍሬ ይሞላል፤ ዳሩም ዙሪያውን በማሸጊያ ይታሸጋል።

እንግዲህ ማሸጊያው በአንድ ቦታ ቢለቅ እርጥብ አየር ይገባል። ደቃቁ ፍሬ እስኪጠግብ ድረስ እርጥበቱን ይመጠዋል፤ ከጠገበ በኋላ ግን ሌሊት የውጭው መስተዋት ሲቀዘቅዝ ጤዛው በውስጥ ይታያል፤ ቀን ሲሞቅ ደግሞ ተመልሶ ተን ሆኖ ይሰወራል። መስኮታችን ጧት ደብዝዞ በ5 ሰዓት የሚጠራው በዚህ ምክንያት ነበር እንጂ በማንም ስንፍና አልነበረም።

ሕንፃው አዲስ ሳለ ማሸጊያው እንዴት ሊለቅ ቻለ ብለን ጠየቅን። ባለሙያው ወደ በረንዳው አውጥቶ በመስተዋቱ ላይ የሚያንጸባርቀውን የፊት ለፊት ሕንፃ እንድናይ አደረገን። ቀጥ ያለው የሕንፃ መስመር በመስተዋቱ ላይ ጎብጦ ይታይ ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በ2,350 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በዚህ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በባሕር ጠረፍ ፋብሪካ የታሸገ ድርብ መስተዋት የዚያን አገር አየር በሆዱ ይዞ ወደ ደጋ ይወጣል። እዚህ ሲደርስ ከውጭ የሚጫነው ግፊት ስለሚቀንስ፥ በውስጡ የታሰረው አየር መስተዋቱን ወደ ውጭ እየገፋ ያሳብጠዋል፤ ማሸጊያውንም ያስጨንቀዋል። ስለዚህ ለደጋ አገር የሚሆን ድርብ መስተዋት ሲታዘዝ ከፍታውን ለፋብሪካው ማስታወቅ፥ ግፊቱን የሚያመጣጥን ቀጭን ቱቦ እንዲገባበት ማድረግ፥ አለዚያም እዚሁ በደጋው እንዲታሸግ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ የሚመለከተው መስኮቱን ያዘዙትንና የተረከቡትን ሰዎች ነበር፤ እኛ ግን እነርሱን አንድም ቀን አልጠየቅንም። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ፍርድ ነው።

መድኃኒቱስ ምንድን ነው? መቃኑ ደኅና ከሆነ መስኮቱን በሙሉ መንቀል አያስፈልግም፤ የታሸገው ድርብ መስተዋት ብቻ ወጥቶ በአዲስ ይተካል። ሲለካም ወርዱና ቁመቱ እያንዳንዱ በሦስት ቦታ ተለክቶ ትንሹ ልክ ይያዛል። ውፍረቱም የሁለቱ መስተዋትና የመካከሉ ርቀት ተደምሮ ነው፤ ለምሳሌ 6፥ 12 እና 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን 24 ይሆናል። መስተዋቱን በስቶ ጤዛውን ማድረቅም ይቻላል፤ ነገር ግን ማሸጊያው እንደ ለቀቀ ስለሚቀር ጥቅሙ ጊዜያዊ ነው።

ከዚያ በኋላ ከባለሙያው ጋር ሆነን የሕንፃውን መስኮቶች አንድ በአንድ ዞረን አየን። አብዛኛው ጉድለት ያለ ብዙ ወጪ የሚታረም ሆኖ አገኘነው። ጤዛው በክፍሉ በኩል ባለው ፊት ላይ ከሆነ በጣት ሲዳበስ ይጠፋል። ይህ የክፍሉ እንጂ የመስኮቱ በሽታ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚቀመጥበት፥ ሻይ የሚፈላበት ወይም እርጥብ ልብስ የሚሰጣበት ክፍል ተን ይበዛበታልና፥ ጧትና ማታ ለጥቂት ደቂቃ መስኮቱን ከፍቶ አየሩን መለወጥ ይበቃዋል። ጤዛው በውጭው ፊት ላይ ከሆነ ደግሞ አያሳስብም፤ የክፍሉ ሙቀት ወደ ውጭው መስተዋት አለመድረሱን ስለሚያመለክት፥ መስኮቱ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው።

የተዘጋ መስኮት ነፋስ የሚያስገባ እንደ ሆነ፥ አንድ ቁራጭ ወረቀት በመዝጊያውና በመቃኑ መካከል አድርጎ መዝጋትና ወረቀቱን መሳብ ነው። ወረቀቱ ጠብቆ ከተያዘ መስኮቱ ደኅና ነው፤ ያለ ችግር ከወጣ ግን የዙሪያው ጎማ ደርቋል ወይም መዝጊያው ከቦታው ዝቅ ብሏል። የደረቀው ጎማ ተነቅሎ በልኩ አዲስ ይገባል። ዝቅ ያለው መዝጊያም በማጠፊያው ላይ ያለውን ብሎን በካቻቢቴ ጥቂት በጥቂት በማዞር ይቃናል፤ በጉልበት ገፍቶ መዝጋት እጀታውን ከመስበር በቀር ጥቅም የለውም።

በሁለት ክፍሎች ደግሞ በክረምት ከመስኮቱ ሥር ውሃ ወደ ወለሉ ይፈስ እንደ ነበር ነገሩን። በአሉሚኒየሙ መቃን ግርጌ በውጭ በኩል ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ እነዚህም ወደ መቃኑ የሰረገው የዝናም ውሃ እንዲወጣባቸው ሆን ተብለው የተበሱ ናቸው። አንድ ትጉህ ሰው ግን ውሃው የሚገባው በእነርሱ መስሎት ሁሉንም በሲሊኮን ደፍኗቸው ኖሯል። ስለዚህ ውሃው መውጫ ቢያጣ ወደ ክፍሉ ሞላ። ሲሊኮኑ ተፍቆ ቀዳዳዎቹ በቀጭን ሽቦ ተጠረጉ፤ በሚቀጥለው ክረምት ወለሉ ደረቅ ሆነ። በሌላው ክፍል ከዳሩ የተሰነጠቀ መስተዋት አየን፤ ፀሐይ በሚመታው መስተዋት ላይ አንድ ትልቅ ጥቁር ወረቀት ተለጥፎበት ስለ ነበረ፥ የተሸፈነው ክፍል ከቀረው ይልቅ ግሎ መስተዋቱን ሰንጥቆታል። እንዲህ ያለው ተለውጦ ወረቀቱ ሌላ ቦታ ይለጠፋል እንጂ ሌላ ጥበብ አያስፈልገውም።

መስኮቱ እንዲህ ሲቃና፥ ያልተቃና አንድ ነገር በእጃችን ቀረ። ለዚያው ክፍል ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍን። ለመክሰስ ግማሽ ገጽ በቅቶን ነበር፤ ተሳስተናል ለማለት ግን ሦስት ጊዜ ቀደን እንደ ገና ጀመርን። የተቆረጠው ደመወዝ በወሩ መጨረሻ ተመለሰ። ማስጠንቀቂያው ከማኅደሩ እስኪወጣ ግን ሦስት ወር ተመላለስን፤ ወረቀት ለመግባት የሚፈጥነውን ያህል ለመውጣት አይፈጥንምና።

እኚያን እናት ጠርተን ይቅርታ ስንጠይቃቸው ጥቂት ዝም ብለው፥ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ገንዘቡስ ይሁን፤ የከበደኝ በሰዓቷ አትገባም መባሌ ነው። 26 ዓመት ስሠራ አንድ ቀን አርፍጄ አላውቅም» አሉን። እኛም የምንመልሰው አጣን።

በመጋቢት አዲሱ መስተዋት ገባ። በማግሥቱ ጧት ስንደርስ እርሳቸው ጨርቃቸውን ይዘው በመስኮቱ አጠገብ ቆመው ነበር፤ መስተዋቱም ጠርቶ የበረንዳው አበባ ሳይቀር ይታይ ነበር። በዚያ ቀን ስለ መስኮቱ ምንም አልተነጋገርንም።

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» የሚለውን ብሂል ከልጅነት ጀምረን እናውቀዋለን፤ በሥራ ላይ ማዋሉን ግን በዚህ መስኮት ተማርነው። ዛሬ እገሌ ሥራውን በድሏል የሚል ወረቀት ሲቀርብልን ከመፈረማችን በፊት ስፍራው ድረስ ሄደን፥ ተከሳሹ የሚለውን ሰምተን፥ ነገሩን በገዛ ጣታችን ዳብሰን እንመለሳለን። ይህም የሚፈጀው ጊዜ ሁለተኛውን ደብዳቤ ለመጻፍ ከፈጀብን ጊዜ ያንሳል።