አሰልጣኝ የሚረግፍበት ወር

በእኛ በኩል ቡና የሚለቀመው ከመስከረም አጋማሽ ወዲህ ነው። በበቃና ቴፒ ቆላው ቀድሞ ይቀላል፣ ወደ ደጋው ሲወጣ ይዘገያል፤ ብቻ ታኅሣሥ እስኪያልቅ ድረስ ቅርጫት ያላነገተ ሰው ወይ ታሟል ወይ የመንግሥት ደመወዝተኛ ነው። እኔ ከሁለተኛው ወገን ስለሆንኩ ለመታዘብ ጊዜ አለኝ። ከታዘብኩት አንዱ ይኸውላችሁ፦ ማንችስተር ዩናይትድ አሰልጣኝ የሚያባርረው በለቀማ ወራት ነው። ጆዜ ሞሪንሆ ታኅሣሥ 9 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ኦሌ ጉናር ሶልሻየር ኅዳር 12 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ኤሪክ ቴን ሀግ ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ተሰናበቱ። ዴቪድ ሞየስ ሚያዝያ ላይ፣ ልዊ ቫን ሃል ግንቦት ላይ በመሄዳቸው ስሌቴን ያበላሹብኛል። እነሱን ያለወቅታቸው እንደረገፉ ቆጥሬ አልፋቸዋለሁ።

ለቀማ ማለት ደግሞ ኪስ ውስጥ ብር የሚገኝበት ወቅት ነው። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ዲኤስቲቪ ቤቱ ጢም የሚለው ያኔ ነው። ከእርሻ የወጣ ለቃሚ፣ ጀንፈል ሰብሳቢ ነጋዴ፣ ባጃጁን ደጅ ያቆመ ሾፌር፣ ፈተና የደረሰበት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በአንድ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። ዝናብ አይጠፋም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የጨዋታው ተንታኝ ድምፅ አይሰማም፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው ተንታኝ ይሆናል። መብራት የሄደ እንደሆነ ደግሞ ጀነሬተሩ እስኪነሣ ድረስ ክርክሩ በጨለማ ይቀጥላል። ጨዋታው ቢቋረጥ የማይቋረጠው እሱ ነው። ክርክሩም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ይሄ ሰውዬ ይነሣ ወይስ ጊዜ ይሰጠው?

ይህ ጠብ ከየት እንደመጣብን ለማወቅ ሞክሬአለሁ። ከእንግሊዝ መጣ ብሎ መገላገል ይቻላል። እውነትም አለው። እ.ኤ.አ. በ1989 ማብቂያ ላይ ኦልድ ትራፎርድ ውስጥ አንድ ደጋፊ አንሶላ ላይ ጽፎ ብድግ አደረገ፤ የጽሑፉ መንፈስ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰበብ ሰማን፣ አሁን ይብቃን፣ ደህና ሁን ፈርጊ የሚል ነበር። አሌክስ ፈርጉሰን ክለቡን ከያዘ ሦስት ዓመት አልፎት ምንም ዋንጫ አላመጣም ነበር። በማግሥቱ ግንቦት የኤፍ ኤ ዋንጫን አነሣ፤ ከዚያ በኋላ 13 የሊግ ዋንጫ አግኝቶ እስከ 2013 ቆየ። ስለዚህ በእኛ ዲኤስቲቪ ቤት «ጊዜ ይሰጠው» የሚለው ወገን መጽሐፍ ቅዱሱ ፈርጉሰን ነው፤ የተጫነ ሰው ሁሉ እሱን ይጠቅሳል። «ይነሣ» የሚለው ወገን ደግሞ ለሞየስ የስድስት ዓመት ውል ተሰጥቶ አንዱን ዓመት እንኳን ሳይጨርስ መሄዱን ይጠቅሳል። ሞየስን ለመቃወም አውሮፕላን ተከራይተው በስታዲየሙ ላይ ጽሑፍ ያስጎተቱ ደጋፊዎች እንደነበሩ ስነግራቸው አንድ የጀንፈል ነጋዴ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። በኋላ የጠየቀኝ ስንት እንደከፈሉ ነው።

ግን ከእንግሊዝ መጣ ማለት አይበቃም። እንግሊዝ እኛ ዘንድ የደረሰችው በጣም ዘግይታ ነው። ከአዲስ አበባ በጅማና በቦንጋ አድርጎ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚመጣ አውቶቡስ የስፖርት ጋዜጣ ይዞ ሲደርስ ወሬው አርጅቶ ነበር። የአሰልጣኙን ስንብት ስናነብ ተተኪው ሥራ ጀምሯል። ያኔ ክርክር ነበር፤ ግን በረጋ መንፈስ የሚደረግ፣ ታሪክ እንደ መወያየት ያለ ነበር። ዲኤስቲቪ ሲመጣ ነው ነገሩ ትኩስ የሆነው። ሰውዬው ሲሳሳት በዚያው ደቂቃ አየነው። አሁን ደግሞ ቤቲንግ ተጨምሮበታል። ቲኬት የቆረጠ ሰው ስለ ፍልስፍና አይከራከርም፤ ገንዘቡን ማን እንደበላበት ነው የሚያውቀው።

አርሰናሎችን ሳልነካ ባልፍ ይቀየሙኛል። እነሱ የዚህ ክርክር አንጋፋዎች ናቸው። ግንቦት 7 ቀን 1996 ዓ.ም. ቡድናቸው 38 ጨዋታ ሳይሸነፍ ዓመቱን ሲዘጋ አርሰን ቬንገር በቴፒም በሚዛንም ነቢይ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የኤፍ ኤ ዋንጫን አገኙ። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ያለ ዋንጫ ሄዱ፤ መሐል ላይ በማንችስተር 8 ለ 2 ተሸነፉ። ነቢዩ ይውረድ የሚለው ጽሑፍ በመጨረሻ አሜሪካ የትግል ትርዒት ላይ፣ እንዲያውም ሮበርት ሙጋቤን ለማውረድ በተወጣ የሐራሬ ሰልፍ ላይ ታየ። ይህን የሰማ አንድ የአርሰናል ደጋፊ ጓደኛዬ ኩራት ተሰምቶት ሲያወራ ሰምቼዋለሁ። ሽንፈትም የራሱ ዝና አለው።

እዚህ ላይ የሚገርመኝን ልናገር። ይህ ሁሉ ሰው ቡና ገበሬ ነው፣ ወይ የቡና ገበሬ ልጅ ነው። ችግኝ ተክሎ፣ ጥላ አብጅቶ፣ አረም እየነቀለ ሦስት አራት ዓመት የሚጠብቅ ሕዝብ ነው። ችግኙ በሁለተኛው ዓመት ፍሬ አልሰጠም ብሎ የሚነቅል ሰው በአገራችን አላየሁም። ያው ሰው ቅዳሜ ማታ አግዳሚው ላይ ሲቀመጥ አሰልጣኙ በአራተኛው ጨዋታ እንዲነሣ ይፈርዳል።

አንድ ምሽት ይህንኑ ነገር የግብርና ተማሪ የሆነ ልጅ አነሣው። ማስረጃ አድርጎ ያመጣውም ጌሻን ነው። ታሪኩን እዚህ የማያውቅ የለም። በፈረንጆቹ 1930ዎቹ ከእኛ ጫካ የተወሰደ የቡና ዘር ኬንያና ታንዛኒያ ደረሰ፤ ከዚያ ኮስታሪካ ሄደ፤ ከዚያ ፓናማ። ዛፉ ረጅምና ቀጭን፣ ምርቱም ትንሽ ስለነበር ለብዙ ዓመታት ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። በ2004 እ.ኤ.አ. ፓናማ ውስጥ ለውድድር ቀርቦ ዳኞቹን አስደነቀ፤ በጨረታም በዚያን ጊዜ ያልተሰማ ዋጋ አወጣ። አርሰናል ሳይሸነፍ የጨረሰበት ያው ዓመት ነው። ልጁ «ሰባ ዓመት ተጠብቆ ነው ዋንጫ ያመጣው፤ እናንተ ለሰውዬው ሰባ ቀን አልሰጣችሁትም» አለ። ቤቱ ዝም አለ። ከኋላ በኩል አንድ ሽማግሌ «የጠበቀው ፓናማ ነው፣ የኔ ልጅ» አሉት። «እዚህ ቢሆን ምርቱ ትንሽ ነው ብለን ቆርጠን ለማገዶ አድርገነው ነበር።» ሳቁ ዝናቡን አሸነፈው። ልጁ ግን አልተሸነፈም፤ ያለዝውውር ክፍያ የሄደ ብቸኛው የአገራችን ኮከብ እሱ ነው ብሎ ጨመረ። ለቴን ሀግ ጥብቅና የቆመበት ምሽት ግን እዚያው አበቃ። በማግሥቱ ሳምንት ቴን ሀግ ተባረረ፤ ተተኪው ሩበን አሞሪም ቡድኑን በ42 ነጥብ 15ኛ አድርጎ ዓመቱን ዘጋው፣ ቢልባኦ ላይም የአውሮፓ ሊግ ዋንጫን ለቶተንሃም አስረከበ። ሽማግሌው እስከ ዛሬ የሚጠቀሱት በዚህ ምክንያት ነው።

ትዕግሥት ስለጎደለን አይደለም እንግዲህ። ሌላ ነገር አለ፤ እሱን ለማየት ትንሽ ወደ ቤት ቀረብ ማለት ያስፈልጋል።

የኢትዮጵያ ቡናን ውሰዱ። በ1968 ዓ.ም. የተመሠረተ፣ የምንለቅመውን ነገር ስም የያዘ ክለብ ነው፤ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሣው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ2003 ዓ.ም. በውበቱ አባተ ነው። ቡናማዎቹን የሚደግፍ ሰው ዋንጫ ለመቁጠር ብሎ እንዳልገባ ግልጽ ነው። ካሳዬ አራጌ ክለቡን ሲያሠለጥን የነበረውን ክርክር አስታውሳለሁ፤ ከዩናይትዱ በእጅጉ ይሻል ነበር። ካሳዬ ኳስን ከግብ ጠባቂው ጀምሮ መሥርቶ መጫወት አለብን ባይ ነው። አንዱ ወገን ውበቱን አይቶ ያለቅሳል፤ ሌላው ወገን በዚያው በራሳችን ሜዳ ኳስ ተነጥቀን ሲገባብን ያለቅሳል። በ2013 አቡበከር ናስር በአንድ የውድድር ዓመት 29 ጎል አግብቶ የሊጉን ክብረ ወሰን ያዘ፤ ቡድኑ ግን ከፋሲል ከነማ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። ያን ዓመት ውድድሩ በየከተማው ሲዞር ጅማም ደርሶ ስለነበር ከእኛ በኩል የሄዱ ነበሩ። ተመልሰው ሲያወሩ አንዱም «ካሳዬ ይነሣ» አላለም። «ካሳዬ እንደው ትንሽ ቢያስብበት» ነው ያሉት። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። ልዩነቱን ያስተዋልኩት ያኔ ነው።

በጋሽ ሰውነት ቢሻው ላይም እንደዚሁ ነበር። ብሔራዊ ቡድኑን ከ31 ዓመት በኋላ በ2005 ወደ አፍሪካ ዋንጫ የመለሰ ሰው ነው፤ ለዓለም ዋንጫ ለማለፍም እስከ ናይጄሪያው ጨዋታ አድርሶናል። በመንገዱ ላይ ቅጣት ያለበት ተጫዋች ተሰልፎ ሦስት ነጥብ ተቀንሶብናል። በ2006 አሰናበቱት። በዚያው ዓመት ሞየስም ተሰናበተ። ዲኤስቲቪ ቤቱ ለሞየስ እልል አለ። ለጋሽ ሰውነት ግን ሰው ከንፈሩን መጠጠ፣ «ምን ያድርግ፣ እሱም ሰው ነው» አለ፣ የልጆቹን ሁኔታ ጠየቀ።

አሰልጣኙ እየቀረበ ሲመጣ ምላሳችን እያጠረ ይሄዳል። ቤንች ማጂ ቡና በከፍተኛ ሊጉ ሲጫወት፣ ከወዲያ ደግሞ ካፋ ቡና፣ ከሜዳው ስንወጣ የምናወራው ስለ ዳኛው ነው፤ አንዳንዴ ስለ ሜዳው ጭቃ። ስለ አሰልጣኙ ማንም ቃል አይተነፍስም። እንዴት ይተንፍስ? ሰውዬውን ነገ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ያገኘዋል። ሚስቱ ከእህቱ ጋር አንድ ዕድር ናት። ጠዋት የጎረቤት የቡና ቅጠል ጨሞ ሲፈላ አብሮ የተቀመጠ ሰው ማታ ላይ «ይባረር» ብሎ አይጮኽም። ይሉኝታ የሚባል ነገር አለን፤ እሱ ያለበት ቦታ ላይ ሂስ የሚነገረው በዘመድ በኩል ነው፣ ያውም ተጠቅልሎ።

እንግዲህ ማንችስተር የጠቀመን እዚህ ላይ ነው። ቴን ሀግ ለቅሶ አይመጣም። ሞሪንሆ በአባቴ ወገን አይዛመደኝም። አሞሪም ልጁን ለመዳር ጠርቶኝ ቀርቼ አላውቅም። በዚህ ሁሉ ምድር ላይ ሥራህን አታውቅም፣ ደመወዝህን ያለአግባብ ነው የምትበላው፣ ሂድልን ብለን በሙሉ ድምፃችን የምንጮኽበት ሰው የማንችስተር አሰልጣኝ ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ ለቀበሌው ሊቀ መንበር፣ ሚዛን ላይ ለሚቆጥበው የቡና ነጋዴ፣ ለአማች፣ ለአለቃ የዋጥነው ሁሉ ቅዳሜ ማታ አድራሻውን ቀይሮ ወደ ኦልድ ትራፎርድ ይላካል። ስለዚህ ክለቡ ቢያሸንፍ ትልቅ ችግር ነው የሚፈጠረው። ፈርጉሰን ዋንጫ ሲሰበስብ በነበረበት ዘመን ቤቱ ውስጥ ወሬ አልነበረም ይላሉ የሚያስታውሱ፤ ጎል ሲገባ ይጮኻሉ፣ ሲያልቅ ይበተናሉ። ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ ነው ሰው እስከ እኩለ ሌሊት መቀመጥ የጀመረው። ባለቤቱ ይህን ስለሚያውቅ ለየትኛውም አዲስ አሰልጣኝ ክፉ አይመኝም፤ ደህናም አይመኝለትም።

በጥቅምቱ ስንብት ማግሥት ምሽት ከሁሉም አብልጦ የጮኸው ከፊት የተቀመጠው ሰው ነበር። ታክቲክ የለውም፣ ተጫዋች አያነብም፣ ቅያሪው ሁሉ ዘግይቶ ነው፣ በእኔ እምነት መስከረም ላይ ነበር መሄድ የነበረበት እያለ ጠረጴዛውን ደበደበው። በየነጥቡ ራሳችንን እየነቀነቅን ተስማማንለት። ሰውዬው የእኛው ሰፈር ቡድን አሰልጣኝ ነው። ከሁለት ቀን በፊት እሁድ ዕለት ቡድኑ 4 ለ 0 ተሸንፏል፤ ሁላችንም ሜዳው ዳር ቆመን አይተናል። ተናግሮ ሲጨርስ ቡናውን ማን ይክፈልለት በሚል ተሻማን።