እጅ ሲዝል ማን ያቁመው?

በ1993 ዓ.ም. የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለን፣ በገበያ ቀን ከትምህርት ቤትና ከመድረሳ መልስ የምንውለው አጎታችን ወፍጮ ቤት ነበር። ሥራችን እህል መመዘንና ሒሳብ መቀበል ነው። ወፍጮው በናፍጣ ሞተር የሚሠራ ሲሆን ሞተሩን ከወፍጮው ጋር የሚያገናኘው ረጅም ቺንጋ አንዳችም መከለያ አልነበረውም።

አጎታችን የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። አንድ ቀን ወረፋው ስለበዛባቸው ክኒናቸውን ውጠው ምሳ ሳይበሉ ዋሉ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ላብ አጠመቃቸው፤ እያየናቸው ዓይናቸው ፈዘዘ፤ ከዚያም በቺንጋው በኩል ተዝለፍልፈው ወደቁ። ቺንጋው የቀኝ እጅጌያቸውን ያዘው። ሰው ሁሉ ጮኸ። ሞተሩ ግን ባለቤቱ መውደቁን ከየት ይወቅ? መዞሩን ቀጠለ። እኛ ለሞተሩ ከማንም ይበልጥ ቅርብ ነበርን፤ ዳሩ ግን በየት በኩል እንደሚጠፋ አንድም ቀን ጠይቀን አናውቅም። ሮጦ ናፍጣውን የዘጋው እህል ሊያስፈጭ የመጣ የመኪና ረዳት ነው። አልሐምዱሊላህ፣ የአጎታችን ነፍስ ተረፈች፤ ሦስት ጣቶቻቸው ግን አልተረፉም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ አብሮን ኖረ። ለመሆኑ ማሽን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ራሱን መሳቱን እንዴት ሊያውቅ ይችላል?

መልሱን ያገኘነው አድገን፣ እኛም በተራችን መምህር ሆነን ስናነብ ነው። ብዙውን ጊዜ ማሽን አንዴ ከተነሣ አቁም እስኪባል ድረስ ይሠራል። አንድ ዓይነት መቆጣጠሪያ ግን ይህን ሥርዓት ይገለብጠዋል፤ ይኸውም ሰውየው ይዞት ካልቆየ ማሽኑ በራሱ ጊዜ ይቆማል። ባቡር ነጂ በእጁ የሚይዘው እጀታ ወይም በእግሩ የሚረግጠው ፔዳል በሞላ የተደገፈ ነው። እጁ ወይም እግሩ ሲለቅ ሞላው ይመልሰዋል፤ ኃይሉ ይቋረጣል፤ ፍሬኑም ይይዛል። ፈረንጆቹ “የሙት ሰው እጀታ” ይሉታል።

ነገሩ በባቡር ብቻ የተወሰነ አይደለም። በአሜሪካ ከ1982 እ.ኤ.አ. አጋማሽ በኋላ የተሠሩ፣ ሰው ከኋላ ሆኖ የሚገፋቸው ባለሞተር የሣር ማጨጃዎች፣ እጀታቸው በተለቀቀ በ3 ሰከንድ ውስጥ ምላጫቸው እንዲቆም ደንብ ያስገድዳል። በትንንሽ የሞተር ጀልባዎች ላይ ደግሞ ነጂው ከአካሉ ጋር የሚያስረው አጭር ገመድ አለ። ሰውየው ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ገመዱ ይነቀልና ሞተሩ ይጠፋል።

እንግዲህ ችግሩ ተፈታ ማለት ነውን? አልተፈታም። ጃንዋሪ 31 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ የሆነውን እንመልከት። ከሲድኒ ወደ ፖርት ኬምብላ የሚሄድ የመንገደኞች ባቡር ዋተርፎል ከተባለው ጣቢያ እንደወጣ ነጂው ራሱን ሳተ። የመረመረው ኮሚሽን ምክንያቱ ድንገተኛ የልብ ሕመም ሳይሆን አይቀርም ብሏል። በባቡሩ ውስጥ በእግር የሚረገጥ መቆጣጠሪያ ነበር፤ ነገር ግን ራሱን የሳተው ነጂ የእግሮቹ ክብደት ብቻ ፔዳሉን ተጭኖ ያዘው። ማሽኑ የሰውየውን ሸክም እንደ ንቃት ቆጠረው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር በሚፈቀድበት ኩርባ ላይ ባቡሩ 117 ኪሎ ሜትር እየበረረ ገብቶ ተገለበጠ። ነጂውን ጨምሮ 7 ሰዎች ሞቱ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ የፔዳሉ ጉድለት በድርጅቱ ውስጥ ከዓመታት በፊት ጀምሮ የታወቀ መሆኑ ነው። ከኋላ የነበረው የባቡሩ ጠባቂም የአደጋ ጊዜ ፍሬን በእጁ ነበረ፤ ነገር ግን ሳይጠቀምበት ቀረ። ይህን ስናነብ በዚያ ሰው ላይ ለመፍረድ አልደፈርንም። ሞተሩ አጠገብ ቆሞ መፍዘዝ ምን እንደሆነ እናውቀዋለንና።

መሐንዲሶች ከእንዲህ ያለው ጥፋት ተምረዋል። ዛሬ በብዙ ባቡሮች ላይ ነጂው እጀታ መያዙ ብቻ አይበቃም፤ መብራትና ደወል በየጊዜው ይጠይቁታል፣ በሰከንዶች ውስጥ ካልመለሰ ፍሬኑ ይይዛል። በፋብሪካ ሮቦት የሚያሠራ ሰው የሚይዘው ቁልፍ ደግሞ ሦስት ደረጃ አለው። ማሽኑ የሚንቀሳቀሰው ቁልፉ መካከለኛው ደረጃ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ሰውየው ቢለቀውም ይቆማል፤ አጥብቆ ቢጨብጠውም ይቆማል። ለምን ቢሉ፣ የደነገጠ ሰው ሁልጊዜ የያዘውን አይለቅም፤ አንዳንዴ ይብስ ይጨብጣል። የሰውን ባሕርይ እንዲህ አጥንቶ የተሠራ ዕቃ ያስደንቀናል።

ይሁን እንጂ በየመንደራችን ወፍጮ ቤት፣ እንጨት ቤትና ጋራዥ ይህ ሁሉ የለም። አጎታችን ከሆስፒታል እንደወጡ መጀመሪያ ለቺንጋው መከለያ አሠሩ። ቀጥለውም የናፍጣውን መዝጊያ በገመድ አስረው፣ ገመዱን በጣሪያው ሥር አሳልፈው ሴቶቹ ወረፋ ወደሚጠብቁበት ወንበር በላይ አንጠለጠሉት። ገመዱ እንደ ባቡሩ እጀታ በራሱ አይሠራም፤ የሚያይና የሚስብ ሰው ይፈልጋል። በመሆኑም ወላጆችና ወጣቶች ሆይ! ማሽን ባለበት ስፍራ ሁሉ ሥራውን ከመልመዳችሁ በፊት ማቆሚያውን ልመዱ፤ ልጆቻችሁንም አሳዩአቸው። ሕመም ያለበት ሠራተኛም ሕመሙን ለባልደረቦቹ አይደብቅ፤ ምሳውንም ለወረፋ ብሎ አይተው።

አጎታችን ዛሬም ወፍጮ ቤታቸው ናቸው። እህል ይዛ የመጣችን አዲስ ደንበኛ ገና ሳይመዝኑላት በቀሩት ጣቶቻቸው ወደ ላይ እያመለከቱ፣ “እህቴ፣ ገመዱን አየሽው?” ይሏታል።