የመተማዋ እንቁራሪት ስሟ ማን ነው?

ክረምት ሲገባ ከመተማና ከቋራ በኩል በሚመጡ የጉዞ ፎቶዎች መካከል አንዲት እንቁራሪት አትጠፋም፤ ከሥሯም አንዳንዴ «የዝናብ ደን እንቁራሪት» ተብሎ ይጻፍባታል። ስህተቱ የሚጀምረው ከእንቁራሪቷ ሳይሆን ከደኑ ነው። መተማ ቆላ ነው። ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥላል፤ ከዚያ በኋላ መረሬው እየተሰነጠቀ ይከርማል። ዛፉ የእጣን ዛፍ፣ ሽመልና ግራር ነው፤ ሰዉ የሚያርሰው ሰሊጥ። የዝናብ ደን የሚፈልግ ወደ ከፋ፣ ወደ ሸካ ወይም ወደ ባሌው ሐረና ይሂድ። «የዝናብ ደን» በተባለ ነገር ሁሉ ላይ የምትለጠፈው ያቺ ዓይነ ቀይ አረንጓዴ እንቁራሪት ደግሞ የመካከለኛው አሜሪካ ናት፤ በአፍሪካ የቅርብ ዘመድ የላትም። ቂሜ በእሷ ላይ ሳይሆን በለጣፊዎቿ ላይ ነው።

እኔ የምለው ይህ ነው፦ እንቁራሪትን ከመልኳ ይልቅ አገሯና ድምጿ ያስታውቋታል። ቀለም እንደ ምስክር ቢቀርብ ዳኛው የሚያባርረው ዓይነት ነው። ፕቲካዴና የሚባሉትን የሣር እንቁራሪቶች እንይ፤ ጀርባቸው ላይ እንደ እርሻ ትልም በቁመት የተሰመሩ ሸንተረሮች ያሏቸውን ማለቴ ነው። በአንድ ኩሬ ውስጥ የአንድ ዘር ልጆች ሆነው አንዷ አረንጓዴ፣ አንዷ ቡናማ፣ ሌላዋ አከርካሪዋ ላይ ነጣ ያለ መስመር ያላት ልትሆን ትችላለች። በተቃራኒው ደግሞ እንደ መንታ የሚመሳሰሉት ዘራቸው ይለያያል። በደጋችን ለረጅም ጊዜ በአንድ ስም ኖይማኒ ሲባሉ ከኖሩት መካከል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ሦስት አዳዲስ ዝርያዎችን ለዩ፤ አንዷ አማራን የሚጠራ ስም ይዛ አምሃረንሲስ ተባለች። በ2021 ደግሞ አራት ተጨመሩ። ለዚህ ሥራ ዓይን ብቻውን አልበቃም፤ የዘረመል ምርመራ አስፈልጓል። ከዚያ በፊት «ኖይማኒ» ተብሎ በአልበም የተቀመጠ ፎቶ የተነሣበት ቦታ ካልተጻፈበት ዛሬ ማንን እንደሚያሳይ መናገር አይቻልም።

የቆላዋ ጉዳይ ከዚህም የባሰ ነው፤ እዚህ ላይ ከተገቢው በላይ ብዘገይ ይቅር በሉኝ። ከናይል እስከ ማዳጋስካር የምትገኘው የሣር እንቁራሪት ለረጅም ጊዜ ማስካረኒየንሲስ ትባል ነበር። ስሙ የወጣው በ1841 ሲሆን ከሕንድ ውቅያኖስ ማስካረን ደሴቶች የተወሰደ ነው። እዚያም ቢሆን ከማዳጋስካር በሰው እጅ የገባች እንግዳ እንደሆነች ይታመናል። የናይል እንቁራሪት፣ ራሷም እንግዳ በሆነችበት ደሴት ስም ስትጠራ ኖረች ማለት ነው። ዑልሪሽ ያስፐር ዜትሰን የሚባል ጀርመናዊ መንገደኛ ግን ከ1807 እስከ 1809 ግብጽ ተቀምጦ ያየውን ሁሉ ይመዘግብ ነበር። በ1811 የመን ውስጥ ሞተ። ማስታወሻው የታተመው ከሞተ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ለዚህችው የናይል እንቁራሪት የወጣው ኒሎቲካ የሚለው ስምም በእሱ ስም የተመዘገበው በ1855 ነው። ስሙ ተረስቶ ኖረና በ2013 ተመራማሪዎች ከመቃብር አወጡት። ዜትሰን ካሜራ አልነበረውም፤ የነበረው ወንዙን በስሙ የመጻፍ ልማድ ነው። መተማ አጠገብ የሚወርደው ጓንግ ሱዳን ሲገባ አትባራ ተብሎ ከናይል ይቀላቀላል፤ ስለዚህ በእኔ ግምት ለዚያች ፎቶ የመጀመሪያዋ ተጠርጣሪ ኒሎቲካ ወይም የቅርብ ዘመዷ ናት። የኦሪት ዘጸአት ጓጉንቸርም እሷው ሳትሆን አትቀርም። የለም፣ ጉርጥ ነው የሚሉም አሉ። ጉርጥ ግን ውኃ ከሚፈልግበት ጊዜ ውጪ የብስ ላይ የሚውል ስለሆነ፣ ከወንዝ እየወጣ አገር የሚያጥለቀልቀውን መንጋ ለእሱ መስጠት ይከብደኛል።

«ስልኩ ራሱ ይለያል፤ ፎቶውን ስታስገባ ስሙን ይነግርሃል» የሚል ተቃውሞ ይመጣል። እውነት ነው፣ ጎበዝ የሆኑት መተግበሪያዎች ይሞክራሉ፤ ነገር ግን የተሻሉት ፎቶው የት እንደተነሣም ያያሉ። መተማ ሲባሉ የአሜሪካዋን ዓይነ ቀይ ከዝርዝሩ ይሰርዛሉ። ይህ የእኔን ክርክር ያጠናክራል እንጂ አያፈርሰውም። በመልክ ብቻ የሚታወቁም መኖራቸውን አልክድም፤ በሰውነቷ ላይ ጥቁር ሰንበር የተዘረጋባትን፣ ከመዝለል መራመድ የምትመርጠውን ካሲናን ማንም አይስታትም። እሷም ብትሆን ጨለማ ውስጥ የምትታወቀው ውኃ ጠብ ሲል በሚመስል ድምጿ ነው።

እናም ሐምሌ ላይ ወደ ገንዳ ውኃ፣ ወደ ሽንፋ ወይም ወደ አላጥሽ የምትወርዱ ሁሉ፦ ጀርባዋን ብቻ አታንሱ። የኋላ እግሯን ጣቶችና በመካከላቸው ያለውን ስስ ቆዳ፣ የጭኗን የኋላ ገጽ፣ ከዓይኗ ኋላ ያለውን ክብ የጆሮ ታምቡር አሳዩን። ወንዙንና ቀኑን ጻፉ። ማታ ደግሞ ስልካችሁን ኩሬው ዳር አስቀምጡና ድምጿን ቅዱ። አማርኛችን «እንቁራሪቷ» እያለ በሴት ይጥራት እንጂ፣ እዚያ ሌሊቱን ሲጮኽ የሚያድረው ወንዱ ነው።