ያልተለቀቀው መቆለፊያና ያልቆጠርኳቸው ልጆች

ባለፈው ሳምንት በመኝታ ክፍላችን የተነሣ ክርክር እስከ እኩለ ሌሊት አላስተኛንም። ነገሩ የጀመረው ከትምህርት ዕቅድ ነው። አንድ ጓደኛችን፥ «ይህ ሁሉ ቅጽና ምልክት ማድረግ ለጀማሪ ነው እንጂ ሥራውን ለለመደ ሰው ምን ያደርግለታል? የለመደ መምህር ሁሉንም በጭንቅላቱ ይዞታል» አለ። አብዛኛዎቹ ተስማሙ። እኔ ስለ አንድ አውሮፕላን ያነበብኩት ትዝ ብሎኝ ማውራት ስጀምር፥ «አንተ ደግሞ አውሮፕላኑን ከየት አመጣኸው!» ተብሎ ተሳቀብኝ። ያን ሌሊት ያልጨረስኩትን እዚህ ልጨርሰው።

አውሮፕላኑ ጋልፍስትሪም አራት የሚባል የግል ጄት ነው። ግንቦት 23 ቀን 2006 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን 2014) ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ40 ገደማ፥ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፥ ቤድፎርድ በምትባል ከተማ ከሚገኘው ሐንስኮም አውሮፕላን ማረፊያ ለመነሣት ተንደረደረ። ግን ከመሬት አልተላቀቀም። መንደርደሪያውን ጨርሶ፥ አንቴና መትቶ፥ አጥር ጥሶ፥ ሸለቆ ውስጥ ገብቶ ተቃጠለ። ሁለቱ አብራሪዎች፥ አንዲት አስተናጋጅና አራት ተሳፋሪዎች፥ በድምሩ 7 ሰዎች አለቁ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ሉዊስ ካትዝ የተባሉ የታወቁ የጋዜጣ ባለቤት ነበሩ።

ሞተሩ ደኅና ነበር። አየሩም ደኅና ነበር። ታዲያ ምን ሆነ? አውሮፕላን በቆመበት ነፋስ የክንፉንና የጅራቱን ተንቀሳቃሽ ክፍሎች እያንገላታ እንዳይሰብራቸው የሚይዝ መቆለፊያ አለው። ይህ መቆለፊያ ሞተር ከመነሣቱ በፊት መለቀቅ አለበት። ከዚያም አብራሪው መሪውን በየአቅጣጫው እስከ መጨረሻው አንቀሳቅሶ መታዘዙን ያያል፤ ጥቂት ሰኮንድ ብቻ የሚፈጅ ሥራ ነው። ይህ ሁሉ ቼክሊስት በሚባለው ዝርዝር ላይ ተጽፏል። አንዱ ያነባል፥ ሌላው አይቶ፥ በእጁ ነክቶ ይመልሳል። በዚያ ምሽት በተቀዳው የአብራሪዎቹ ድምፅ ውስጥ ግን ቼክሊስት ሲነበብ አይሰማም። መቆለፊያው እንደተቆለፈ ነበር።

አሁን ሰዎቹ ጀማሪዎች ይመስሏችኋል። ኧረ አይደሉም! እያንዳንዳቸው ከ10,000 ሰዓት በላይ የበረሩ፥ ለዓመታትም አብረው የሠሩ ነበሩ። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በአውሮፕላኑ መሣሪያ ላይ የተመዘገበውን ሲመረምር፥ እነዚህ ሰዎች ቀደም ብለው ከተነሡባቸው 175 ጊዜያት ውስጥ በ98 በመቶው የመሪውን ፍተሻ በሙሉ አላደረጉትም። እኔን ያስደነገጠኝ ይህ ቁጥር ነው። ያን ምሽት ረሱ ማለት አይቻልም፤ ከተዉት ቆይተዋል። ድርጅታቸው ደግሞ ከውጭ በመጡ ኦዲተሮች ተመርምሮ ያለፈ ነበር። በወረቀት ላይ ሁሉም ነገር የተሟላ ነው።

በእርግጥ አምራቹም ከወቀሳ አላመለጠም። መቆለፊያው ሳይለቀቅ ሞተሩ ሙሉ ጉልበት እንዳያገኝ የሚከለክለው ብልሃት እንደታሰበው ሳይሠራ፥ እጀታው ከሚገባው በላይ ወደፊት እንዲሄድ ፈቅዷል። ቢሆንም አንደኛው አብራሪ በሩጫው መካከል መቆለፊያው እንዳለ አውቆ ደጋግሞ ተናግሯል። ያን ከተናገረ በኋላ በ11 ሰኮንድ ውስጥ ለማቆም ቢጀምሩ ኖሮ አውሮፕላኑ አስፋልቱ ላይ ይቆም ነበር ይላል ቦርዱ። እነሱ ግን እየሮጡ መቆለፊያውን ለማስለቀቅ ሞከሩ።

ከዚህ ይልቅ የሚገርመው ሌላ ነው። ቼክሊስት ራሱ የተወለደው ከዚሁ ዓይነት መቆለፊያ ነው። ጥቅምት 19 ቀን 1928 ዓ.ም. (በእነሱ 1935) ጣሊያን መረብን ተሻግሮ አገራችንን ከወረረ ገና ወር ሳይሞላው፥ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ቦይንግ ሞዴል 299 የሚባል አዲስ ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ለሙከራ ተነሣ። ጥቂት ከፍ ብሎ ወደቀ። መሪውን የያዙት ሻለቃ ፕሎየር ሂል የታወቁ የሙከራ አብራሪ ነበሩ፤ እሳቸውና አብረዋቸው የነበሩት የቦይንግ ሙከራ አብራሪ ሌስሊ ታወር በደረሰባቸው ጉዳት ሞቱ። መቆለፊያው አልተለቀቀም ነበር። ከዚያ በኋላ አብራሪዎቹ ያደረጉት ረጅም ሥልጠና መጨመር ሳይሆን አጭር ዝርዝር ጽፎ ይዞ መቀመጥ ነው። ያ አውሮፕላን ቢ-17 ተብሎ ኋላ ከ12,000 በላይ ተሠራ። እንግዲህ ዝርዝሩ በተጻፈ በ79ኛው ዓመት፥ ዝርዝሩን ያላነበቡ ሰዎች በዚያው ዓይነት ስሕተት ሞቱ ማለት ነው።

ከሐንስኮም አደጋ በኋላ የአሜሪካ ብሔራዊ የቢዝነስ አቪዬሽን ማኅበር 143,756 በረራዎችን አስመርምሮ ነበር። ከመቶው 18 በሚጠጉት ላይ ፍተሻው በሙሉ አልተደረገም። ታዲያ እነዚያ ሁሉ በሰላም ደርሰዋል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አንድ ቀን ሲተዉት ምንም አይመጣም፤ በማግሥቱም ምንም አይመጣም፤ ምንም አለመምጣቱ ራሱ ማስረጃ ይሆናል። ሰነፍ ስለሆኑ አይመስለኝም፤ ጎበዝ ስለሆኑ ነው።

ያን ሌሊት ክርክሩ እዚህ ሲደርስ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት መልስ አጥቼ አይደለም፤ የሚቀጥለው የራሴ ታሪክ ስለሆነ ነው።

ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት ትምህርት ቤት የሦስተኛ ክፍል ልጆችን ችግኝ ጣቢያ ለማሳየት ሦስት ጊዜ ወስጃለሁ። ቅጹ ላይ ሁለት ባዶ ቦታ አለ፤ ሲወጡ የተቆጠሩ፥ ሲመለሱ የተቆጠሩ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጊዜያት በደንብ ቆጠርኩ፤ 47 ወጡ፥ 47 ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን ከመውጣታችን በፊት በሁለቱም ቦታ 47 ብዬ ሞልቼ ፈረምኩ። ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ነው። ልጆቹን በመልካቸው አውቃቸው የለ?

ምሳ ሰዓት ላይ አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ መጥታ፥ «ቲቸር፥ ወንድሜስ?» አለችኝ። እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ልጁን ያገኘሁት ችግኝ ማጠጫው ኩሬ ዳር ነው። እሾህ ወግቶት ወደ ኋላ ቀርቶ፥ እግሩን ውሃው ውስጥ ነክሮ ተቀምጧል። ኩሬው ለእሱ ቁመት ጥልቅ ነው። አላለቀሰም። «ቲቸር ይመጣሉ ብዬ እየጠበቅኩ ነው» አለ። እኔ ግን እኅቱ ባትጠይቀኝ ኖሮ አልመጣም ነበር።

ለማንም አልተናገርኩም። ያን ሳምንት የጎበኙኝ አስተማሪዬ ቅጹን አይተው «አደረጃጀቱ ጥሩ ነው» ብለው ጻፉበት። ወረቀቱ እስከ ዛሬ በማኅደሬ ውስጥ አለ፤ 47፥ 47። ይህን ሲያነቡ ሊያርሙት ይችላሉ፤ ሲመለሱ የተቆጠሩት ዜሮ ናቸው።

በዚህ ወር እንደገና ለልምምድ ወጥቻለሁ። ቅጹን እኔ መያዝ ትቼ ለክፍሉ አለቃ ሰጥቼዋለሁ፤ እሱ ያነባል፥ እኔ ቆጥሬ እመልሳለሁ። ማክሰኞ ዕለት ከሜዳ ስንመለስ ዝናብ ጀምሮ ነበርና «በቃ፥ ግቡ፥ ግቡ!» ስል ልጁ በሩ ላይ ወረቀቱን ይዞ ቆመ። «ቲቸር፥ ሲመለሱ የሚለውን አልመለሱልኝም» አለ። ዝናቡ እየወረደብን ቆጠርኩ። 51 ነበሩ።