ኢድራ በሥራ ልብሷ

ለብቻዬ ወደ ኢድራ ልሻገር ነው ስላት አቴንስ ያለችው የአገሬ ልጅ “ምን ሆነሃል?” አለችኝ። እኛ ዘንድ ብቻውን የሚጓዝ ሰው ወይ መርዶ ሰምቷል ወይ ተጣልቷል። ያውም በፈረንጆች ጥር፣ ባሕሩ በሚናደድበት ሰሞን! ጸጥታ ፍለጋ ነው ብላት አላመነችኝም። እውነቷን ነው፤ ጸጥታ የሚባል ነገር አላገኘሁም።

የግሪኳ ደሴት ኢድራ ከፒሬየስ ወደብ በፈጣን ጀልባ ሁለት ሰዓት ያህል ናት። ከቆሻሻ ማንሻና ከጥቂት የአገልግሎት ተሽከርካሪዎች በቀር መኪና አይፈቀድባትም። ስለዚህ ጠዋት የሚቀሰቅስህ የድንጋዩን ደረጃ የሚቀጠቅጥ የበቅሎ ኮቴ ነው። እንግዳ በሚጎርፍበት በበጋ የግንባታ አሸዋ ማን ያራግፋል? የቤት ጥገናው ሁሉ ለብርዱ ወራት ይቆያል። ስሚንቶው፣ ጡቡ፣ የመታጠቢያ ገንዳው ሳይቀር በበቅሎ ጀርባ ሽቅብ ይወጣል። በቅሎ እኛ አገር በመረሻት አጊጣ መኳንንቱንና ካህናቱን ስታንሸራሽር የኖረች ናት፤ አባቷን ቢጠይቋት ፈረስ አጎቴ ነው ያለችው እሷው። እዚህ ኩራቷን የሚጠይቃት የለም።

ከወደቡ በላይ የተደረደሩት ግራጫ የድንጋይ ቤቶች በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ እህል እየነገዱ የከበሩ የመርከብ ባለቤቶች ያሠሯቸው ናቸው። መርከቦቻቸውም በ1821 እ.ኤ.አ. ከኦቶማን ቱርክ ጋር በተጀመረው ጦርነት በአድሚራል ሚያውሊስ መሪነት ተዋግተዋል። ዘፋኙ ሌናርድ ኮኸንም በ1960 እ.ኤ.አ. እዚህ ቤት የገዛው በ1,500 ዶላር ነበር፤ ዛሬ በዚያ ገንዘብ በሩን ቢያሳድሱለት ነው።

ደግሞ ገና ሳይገባ ጥምቀት አከበርኩ! የግሪኮቹ ጥምቀት የሚውለው በእኛ የገና ዋዜማ ነው። ቄሱ መስቀሉን ወደ ባሕር ሲወረውሩ ጎረምሶች ተከታትለው ዘለሉ፤ እኔ ካፖርት ለብሼ ተንቀጠቀጥኩላቸው። ለእናቴ ደውዬ ብነግራት ስለ መስቀሉ አልጠየቀችኝም። “ልጄ፣ ጾሙን ገደፍክ እንዴ?” ነው ያለችኝ።

በሐምሌ ብመጣ ኖሮ አስተናጋጁ ሜኑ ይዞ መንገድ ላይ ይቀበለኝ ነበር። አሁን ግን ቡና ቤቱ ስገባ ዳማ ከሚመስለው ጨዋታቸው ቀና ያለልኝ ሽማግሌ የለም። ባለቤቷ ቡናዬን ያመጣችው የስልክ ወሬዋን ጨርሳ ነው። መጀመሪያ ከፋኝ፤ ቆይቶ ግን ተመቸኝ። መስተንግዶ የምንለው ነገር አንዳንዴ እንግዳውን ከቤቱ ማዶ የሚያቆም አጥር ነው። ፈገግታው የሚከፈልበት ስለሆነ ከፈገግታው ጀርባ መግባት አይቻልም። በብርዱ ወራት አጥሩን የሚጠግን የለም፤ ሁሉም ሌላ ሥራ ላይ ነው።

ልመለስ ባልኩበት ቀን ነፋሱ በረታና መርከብ እንዳይንቀሳቀስ ተከለከለ። ሻንጣዬን እየጎተትኩ ዳገቱን ስመለስ አንድ በቅሎ ነጂ ልጓሙን እጄ ላይ አኖረና፣ ነገሩን በጣቱ አስረድቶኝ፣ ሲጋራ ሊገዛ ሄደ። በቅሎዋ ጀርባ ላይ ማቀዝቀዣ ተጭኗል፤ መንገዱ ደግሞ ከእሷ ጎን አይሰፋም። ከኋላችን ሌላ በቅሎ ሰልፍ ያዘ፤ ነጂው ጮኸብኝ። በአማርኛ “ትንሽ ታገሥ፣ ሰውየው መጣ” አልኩት። ገብቶት ይሁን ሰልችቶት፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀ።